ኪስ ሲደርቅ፣ ሙቀት ሲበረታ መብራት መቁረጥ ማንን ያተርፋል?

በአዊ ደጋና ቆላ አንድ ዓይነት ሒሳብ፣ ሁለት ዓይነት ጉዳት

በመጋቢት ወር ከእንጅባራ ማልዶ የሚነሣ ነጋዴ ጋቢውን ደርቦ ነው የሚወጣው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የጠዋቱ ብርድ ከበጋ ክረምት አይለያትም። ይኸው ነጋዴ በዳንግላ በኩል አድርጎ ወደ ጃዊ ቆላ ሲወርድ ግን ጋቢው ሸክም ይሆንበታል። ሸሚዙ ከጀርባው ይጣበቃል፤ ከጥላ ወደ ጥላ መሸሽ ይጀምራል። እንጅባራ ላይ ብርድ ልብስ የሚያወጣ ሸቀጥ ፈንድቃ ላይ ለቬንትሌተር ቦታውን ይለቃል።

አዊ ማለት እንዲህ ያለ ዞን ነው። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው በአንድ አስተዳደር ሥር ይኖራሉ። የገበያ ሰው ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚጭነውንና የሚያራግፈውን የሚመርጠውም በዚሁ ልዩነት ነው። ልዩነቱን ከማይለዩት ነገሮች አንዱ ግን የመብራት ሒሳብ ነው። ሒሳቡን በወቅቱ ያልከፈለ ደንበኛ እንጅባራም ይኑር ጃዊ፣ ወሩ ሐምሌም ይሁን ሚያዝያ፣ መስመሩ ይቆረጥበታል። መልሶ ለማስቀጠልም ሌላ ወጪ ይጠብቀዋል።

ለመሆኑ የቆላ ቤተሰብ በሙቀቱ ወር መብራቱ ሲቆረጥበት ማን ምን ያተርፋል? የዛሬው የገበያ ገጻችን ይህን ጥያቄ በነጋዴ ዓይን ይመለከታል።

ዱቤ የሚያውቀውና የማያውቀው

የቆላ ገንዘብ ወር አለው። ሰሊጡ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ ይወቃል፤ ለሰብሳቢና ለደላላ ይቀርባል። ታህሣሥና ጥር ላይ ገበሬው እጁ ይረጥባል። የቆየ ዕዳውን ይከፍላል፣ ልጁን ይድራል፣ ለቤቱ ቆርቆሮ ይገዛል። የካቲት ሲጋመስ ኪሱ መሳሳት ይጀምራል። መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ለመሬት ዝግጅት፣ ለዘርና ለቀን ሠራተኛ ገንዘብ የሚወጣባቸው እንጂ የሚገባባቸው ወራት አይደሉም። ሻይ የምታፈላውም፣ ልብስ የሚሰፋውም፣ የቀን ሥራ የሚሠራውም ከተሜ የሚኖረው ከገበሬው ኪስ በሚተርፈው ስለሆነ በእነዚህ ወራት እሱም አብሮ ይደርቃል።

የቆላው ሙቀት የሚበረታው ደግሞ በእነዚሁ ወራት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ሲምገው የዋለውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ወደ ቤት ስለሚያወርደው የመኝታው ሰዓትም ዕረፍት አይሆንም። ኪስ የሚደርቅበትና ሙቀት የሚበረታበት ወቅት አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። የመብራት ሒሳብ የሚወዘፍበትም፣ መስመር የሚቆረጥበትም ጊዜ ይኸው ይሆናል።

ባለሱቁ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የዱቤ መዝገቡ ከየካቲት ጀምሮ ይወፍራል። ለሚያውቀው ደንበኛ ሰሊጡ ሲሸጥ ይከፍላል ብሎ ዘይቱንም ስኳሩንም ይሰጣል። ይህን የሚያደርገው ለጽድቅ ብቻ አይደለም። ደንበኛው ቢታመም፣ ቢሞት ወይም አገር ለቆ ቢሄድ ዕዳውም አብሮ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው። ዱቤ ለነጋዴው ምጽዋት አይደለም፤ ገንዘቡ በሚገባበት ወር ገንዘቡን ለመሰብሰብ የሚያወጣው ብልሃት ነው።

ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» የሚለው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ኃይል የሚያመነጨውና የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ የሚሸጠውና ሒሳብ የሚሰበስበው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሻጩ መሥሪያ ቤት በቆላ ገበያ ውስጥ ካሉት ሻጮች ሁሉ ትልቁ ነው። ሆኖም ከጉሊት ቸርቻሪዋ የሚያንስ የዱቤ ብልሃት ነው ያለው።

50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማን ይበቃል?

በታሪፉ ውስጥ ለድሃ የታሰበ እርከን አለ። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ይህ ዋጋ ለረዥም ዓመታት 27.3 ሳንቲም ሆኖ ቆይቷል። በታህሣሥ 2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚተገበር የታሪፍ ማስተካከያ ሲጀመር እንኳ ሌሎቹ እርከኖች ከፍ ሲሉ ይኸኛው አልተነካም ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲስተካከል ስለተወሰነ መነሻው እርከንም ከነበረበት ተነሥቷል።

እርከኑ ለመላው አገር አንድ ነው። እስቲ ቁጥሩን በእንጅባራና በፈንድቃ እናስላው።

እንጅባራ ላይ ያለ አንድ አነስተኛ ቤተሰብ 9 ዋት የሚወስዱ 4 አምፖሎችን በቀን 5 ሰዓት ቢያበራ በወር 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። 60 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በቀን 5 ሰዓት ቢከፍት 9 ይጨመራል። ድምሩ 14.4 ነው። እንጀራው በእንጨት፣ ወጡ በከሰል ከተሠራ ከ50 በታች ተዝናንቶ ይኖራል።

ፈንድቃ ላይስ? አምፖሎቹ ያው 5.4 ናቸው። 60 ዋት የሚወስድ ቬንትሌተር በቀንና በሌሊት ተደምሮ 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 18 ይሆናል። በቀን 1 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚወስድ ትንሽ ፍሪጅ ካለ 30 ይጨምራል። ድምሩ 53.4 ይደርሳል። ቴሌቪዥን ሳይከፈት፣ ምጣድ ሳይሰካ ቤተሰቡ ከድሃው እርከን ወጣ ማለት ነው። እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በሥራ ላይ በነበረው ታሪፍ ቀጣዩ እርከን 76.7 ሳንቲም ነበር፤ የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

ደገኛው ከእርከኑ የማይወጣው ቆጣቢ ስለሆነ አይደለም። ቆለኛውም የሚወጣው አባካኝ ስለሆነ አይደለም። ልዩነቱን ያመጣው የአየሩ ጠባይ ነው።

በዚህ ላይ የጋራ ቆጣሪ አለ። በአንድ ግቢ ሦስት ተከራዮች እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ሦስቱም ለየብቻ ቢለኩ ድሆች ናቸው። በአከራዩ ቆጣሪ ላይ ግን 90 ሆነው ይነበባሉ። ከሦስቱ አንዱ ድርሻውን ካላዋጣ ወይም አከራዩ የሰበሰበውን ካልከፈለ የከፈሉትም አብረው ይጨልማሉ።

መስመር ሲቆረጥ አብሮ የሚቆረጠው

ደጋ ላይ መብራት ሲቆረጥ ቤተሰቡ መተኪያ አያጣም። ኩራዝም ሻማም አለ። ከሁሉ በላይ ከሰል አለ፤ ፋግታ ለኮማና ባንጃ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ተክሎ፣ አክስሎ ለአዲስ አበባ ሳይቀር የሚጭንባቸው ወረዳዎች ናቸው። ከሰል ግን ምጣድንና ምድጃን ይተካል እንጂ ቬንትሌተርን አይተካም። ፍሪጅንም አይተካም። እንዲያውም በሙቀት ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል በሙቀት ላይ ሙቀት መጨመር ነው።

ቆላ ላይ መስመር ሲቆረጥ በመጀመሪያ የሚጎዱት አዛውንት፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች ናቸው። ሰውነት ሌሊት ካልቀዘቀዘ ቀን የደረሰበትን አያገግምም። ልብና ኩላሊት ይደክማሉ። የስኳር ሕመምተኛ በቤቱ የሚያስቀምጠው ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ጃዊን በመሰለ የወባ አገር በር ዘግቶ በአጎበር ውስጥ መተኛት ግድ ነው፤ ቬንትሌተር ከሌለ ግን ሙቀቱ ሰውን ከአጎበሩ ያወጣዋል። ለትንኟ ከዚህ የበለጠ ገበያ የለም።

ውሃውም ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የሚሳብ ውሃ ኃይል ሲቋረጥ ይቆማል። በግቢው ውስጥ በራሱ ሞተር ውሃ ወደ ታንከር የሚሰቅል ቤት ቆጣሪው ከተዘጋ ከመብራቱ ጋር ውሃውንም ያጣል። በዚያ ሙቀት ውሃ በጀሪካን መግዛት ለመብራት ያልበቃውን ኪስ ይበልጥ ይሸነቁረዋል።

ነጋዴውም ከዚህ አያመልጥም። ብዙው የቆላ ንግድ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ወተት አቆይታ የምትሸጠው፣ ለስላሳና ውሃ አቀዝቅዛ የምታቀርበው እናት ንግድ ፈቃድ ካላቸው ጋር ባትቆጠርም ከጅምላ ሻጩ ዕቃ የምትወስደው እሷ ናት። ፍሪጇ ሲጠፋ ሸቀጧ ይበላሻል፤ ሸቀጧ ሲበላሽ የጅምላ ሻጩ ዱቤ ይቀራል። የአንድ ቤት ቆጣሪ መዘጋት በሦስት ሰዎች መዝገብ ላይ ዕዳ ሆኖ ይታያል።

ማንም ሳይመጣ የሚቆረጠው

በቀድሞው ሥርዓት መስመር ለመቁረጥ ሰው ይመጣ ነበር። ከሰው ጋር መነጋገር፣ «እስከ ገበያው ቀን ታገሠኝ» ማለት ይቻላል። የካርድ ቆጣሪ ከመጣ ወዲህ ግን ቆራጩ ራሱ ቆጣሪው ሆኗል። ካርዱ ላይ የተሞላው ሲያልቅ ቤቱ ይጨልማል። ይህን ማንም እንደ መቁረጥ አይቆጥረውም፤ ደንበኛው አልሞላም ተብሎ ይታለፋል። የተቆረጠባቸው ሰዎች ቁጥር ሲሰላ እነዚህ ቤቶች የትኛውም ዝርዝር ውስጥ አይገቡም።

የቅድመ ክፍያ ጥቅሙ አይካድም። ደንበኛውን ከውዝፍ ያድነዋል፤ መሥሪያ ቤቱንም ከዕዳ ማሳደድ ይገላግለዋል። ግን በሚያዝያ እኩለ ሌሊት ካርዱ ያለቀበት ቤተሰብ እስኪነጋ ምን ያድርግ?

ሌላም ጉዳይ አለ። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በተፈጠረው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ባንክና መሥሪያ ቤት በራቸውን የማይከፍቱበት ጊዜ አጋጥሟል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ሒሳብ መክፈልን ማቅለላቸው እውነት ነው። ሆኖም መክፈል ያልፈለገንና መክፈያ መንገድ ያጣን በአንድ መቀስ መቁረጥ ፍርድ አይደለም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

አሜሪካ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ነው የገዛችው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ አጠገብ አንዲት የ72 ዓመት አዛውንት የመብራት ሒሳባቸውን አብዛኛውን ከፍለው 51 ዶላር ገደማ ቀርቶባቸው ነበር። በሙቀቱ ወቅት መስመራቸው ተቆረጠ፤ ከቀናት በኋላ በቤታቸው ሞተው ተገኙ። ወሬው አገር አንቀሳቀሰ። በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ከጁን 1 እስከ ኦክቶበር 15 ባለው የሙቀት ወቅት የመኖሪያ ቤት መብራት ባለመክፈል ምክንያት እንዳይቆረጥ አገደ።

የፈረንሳይ ችግር ብርድ ነው፤ መፍትሔው ግን ለሙቀትም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሕግ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ድረስ የመኖሪያ ቤት መብራትና ጋዝ መቁረጥን ይከለክላል። ዕዳው ግን አይሰረዝም። ሻጩ ሊያደርግ የሚችለው ወደ ቤቱ የሚገባውን ኃይል መቀነስ ነው። አምፖሉ ይበራል፤ ብዙ የሚበላው ዕቃ ግን አይሠራም።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለድሃ ቤተሰቦች በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በነፃ የምትሰጥበት መርሐ ግብር አላት። በሕንድ አህመዳባድ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ከደረሰው ገዳይ ሙቀት በኋላ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ ወጥቶ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተጀምሯል። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳንም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ስለተሰጋ ትምህርት ቤቶቿን ለመዝጋት ተገዳለች። ሙቀት የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በእኛም አገር ቢሆን መንግሥት ሙቀትን አያውቅም ማለት አይቻልም። በቆላ ለሚሠራ ሠራተኛው «የበረሃ አበል» ይከፍላል። የአየሩ ጠባይ ኑሮን እንደሚያስወድድ፣ ጤናን እንደሚፈትን በደመወዝ መዝገብ ላይ አምኖ ፈርሟል። በደመወዝ መዝገብ ላይ የታመነው እውነት በመብራት ሒሳብ ደረሰኝ ላይ የሚካድበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሻጩም ወገን ሒሳብ አለው

መሥሪያ ቤቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ትራንስፎርመር፣ ሽቦና ቆጣሪ በአብዛኛው ከውጭ ዕቃና ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዙ ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የእነዚህ ሁሉ ወጪ ንሯል። የማይከፍል ደንበኛ ሲበዛ የሚከፍለው ደንበኛ ሸክም ይከብዳል። «መብራት አይቆረጥም» የሚል ወሬ ከተነዛ መክፈል የሚችለውም እጁን ሊሰበስብ ይችላል የሚለው ሥጋት ነጋዴ የሚረዳው ሥጋት ነው።

ይሁንና ሒሳቡን እንየው። ከላይ ያሰላነው የፈንድቃ ቤተሰብ 53.4 ኪሎ ዋት ሰዓት በሙሉ በ76.7 ሳንቲም ቢታሰብ እንኳ በቀድሞው ታሪፍ በወር 41 ብር ገደማ፣ በሦስት ወር 123 ብር ገደማ ይሆናል፤ የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር። አሁን ታሪፉ ከዚያ ከፍ ብሏል። እጥፍ ድርብ ይሁን ብንል እንኳ ይህን ዕዳ ለማስከፈል ሠራተኛ፣ መሰላልና መኪና ልኮ መቁረጥ፣ እንደገና ልኮ መቀጠል ለሻጩም ትርፍ አይደለም። በተቆረጠበት ወር ደግሞ የሚሸጠው ኃይል የለም።

ኃይሉ ጠፍቶም አይደለም። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የጣና በለስ ጣቢያ የጣናን ውሃ በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ተፋሰስ ያወርደዋል፤ በለስም የጃዊን ቆላ አቋርጦ ነው የሚሄደው። ከአዊ አዋሳኝ በሆነው በመተከል ደግሞ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በእነዚህ ሁለት ጣቢያዎች መካከል የሚኖር ሰው አንድ ቬንትሌተር የሚያዞርበት ቢያጣ ነገሩ ለጆሮም አይመችም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ነፃ መብራት ይሰጥ የሚል ሐሳብ እዚህ አልቀረበም። የምንለው ሻጩ እንደ ቆላ ነጋዴ ያስብ ነው።

አንደኛ፣ በቆላ ወረዳዎች ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ የመኖሪያ ቤት መስመር ባለመክፈል ምክንያት አይቆረጥ። ዕዳው ተመዝግቦ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰሊጡ ወደ ገበያ በሚወጣበት ጊዜ በክፍልፋይ ይከፈል። ሆቴሎች፣ ወፍጮ ቤቶችና ድርጅቶች በዚህ አይካተቱ፤ መክፈል የሚችለው በድሃው ጥላ እንዳይጠለል።

ሁለተኛ፣ መቁረጥ ካስፈለገ በመቁረጥ ፈንታ መቀነስ ይቅደም። አምፖል፣ ቬንትሌተርና ትንሽ ፍሪጅ ብቻ የሚያሠራ መጠን ይተውለት። ምጣዱ ቢቀርበት ደንበኛው ለመክፈል መቸኮሉ አይቀርም፤ ሕይወቱ ግን አደጋ ላይ አይወድቅም።

ሦስተኛ፣ የካርድ ቆጣሪ ሌሊት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓል እንዳይዘጋ ይደረግ። ያለቀበት ደንበኛ ለጥቂት ቀን የሚሆን ኃይል በብድር ይሰጠውና በሚቀጥለው ሲሞላ ይቆረጥለት። የአየር ሰዓት በብድር መስጠት ለቴሌ አልከበደም።

አራተኛ፣ ለሙቀት ወረዳዎች በእነዚያ ወራት ዝቅተኛው እርከን ከ50 ከፍ ይበል። የትኞቹ ወረዳዎች እንደሆኑ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ መረጃ ይናገራል። በየቤቱ ያለውን አዛውንት፣ ሕፃንና ሕመምተኛ ደግሞ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በስም ታውቃቸዋለች።

አምስተኛ፣ የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ በአከራዩ ጥፋት ከመቆረጡ በፊት ተከራዮቹ ይነገራቸው፤ የራሳቸውን ድርሻ በቀጥታ የሚከፍሉበት መንገድ ይከፈት።

ለነጋዴውና ለባለሀብቱም የሚታይ ነገር አለ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቬንትሌተርና ትንሽ ፍሪጅ በቆላ ገበያ ፈላጊ የሚያጣ ሸቀጥ አይደለም። ዕቃውን በጥር፣ ገንዘብ ባለበት ወር ያቀረበ ይሸጣል፤ ሚያዝያ ላይ ያቀረበ ግን ፈላጊ እንጂ ገዢ አያገኝም። ዕቁብ ያላቸው ሰዎች በጋራ ቢገዙትም ከመስመሩ መቆራረጥ ይገላገሉበታል። ይህ ግን የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊነት አይተካም፤ ቆጣሪውን የተከለው እሱ ነውና።

የዳንግላ ነጋዴ ለጃዊ ደንበኛው በመጋቢት ዱቤ የሚሰጠው ኅዳር እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። ደንበኛው ኅዳር ላይ በሕይወት፣ በጤናና በሥራ ላይ ቢገኝ ሁለቱም ያተርፋሉ። ከሻጮች ሁሉ ትልቁ ሻጭ ይህን ሒሳብ ከባለሱቁ ቢማር አይጎዳም። የሚቀጥለው የካቲት ሩቅ አይደለም፤ ውሳኔው ከሙቀቱ ቀድሞ መድረስ አለበት።